ለጸሎት የመሰላቸው የውሻ መዝገብ

ማራኪ ከሚባል ሰፈር ካለ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ እሠራለሁ። ስለ ማይክሮቺፕ እንደ እኔ አፉን ሞልቶ ያወራ ሰው ጎንደር ውስጥ ያለ አይመስለኝም። የሩዝ ፍሬ የምታክል ነገር ናት፤ በመርፌ ከውሻው ቆዳ ሥር ትገባለች። ማንበቢያ መሣሪያ ሲያስጠጉባት ቁጥር ታሳያለች፤ ቁጥሩ መዝገብ ላይ ካለ ባለቤቱ ይታወቃል። ውሻው ቢጠፋ ይመለሳል፣ ሰው ቢነክስ መከተብ አለመከተቡ ይጣራል። ይህን ለባልደረቦቼም፣ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጠ ሰውም፣ ውሻ ማየት ለማይወዱት አከራዬም ስደሰኩር ኖሬያለሁ። ቺፗ አንድም ቀን አላሳፈረችኝም። ያሳፈረኝ መዝገቡ ነው፤ መዝገቡን ደግሞ የጻፍሁት እኔው ነኝ።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት አንድ ቀይ ውሻ አስረው አመጡልን። ጠጉሩ ጥቅጥቅ ያለ፣ አንድ ጆሮው የተተለተለ፣ የደጋ ውሻ ነው። አንገቱ ላይ የተበጠሰ ገመድ ተንጠልጥሏል። አንዲት ተማሪ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ በር አጠገብ እንደተኛ ሳታየው ረግጣው ባቷን ነክሷታል። ልጅቱ ሕክምናዋን ጀመረች፤ ውሻው ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ እንደሌለበት እስኪረጋገጥ እኛ ዘንድ ዐሥር ቀን ታስሮ መታየት ነበረበት። ከዚያ በኋላ ባለቤት ከተገኘለት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ካልተገኘለት፣ ሰው የነከሰ ባለቤት አልባ ውሻ ስለሆነ፣ በመርፌ ይገደላል። ክሊኒኩ ያለው አንድ ክፍል ብቻ ነው፣ ሰፈሩም እንዲለቀቅ አይፈቅድም።

ማንበቢያውን ጫንቃው ላይ ሳስጠጋው ጢጥ አለ። ደስታዬን አልደብቅም፤ ኮሪደሩ እስኪያስተጋባ ጮኽሁ። ቁጥሩን ይዤ መዝገቡን ገለጥሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ጃናሞራ ወረዳ ሄደን፣ መካነ ብርሃን አካባቢ ውሾች ስንከትብ የመዘገብሁት ውሻ ነው። የባለቤቱ ስም ከነአባቱ በራሴ እጅ ጽሑፍ ቁጭ ብሏል። ወልደ እንትና፣ አባቱ ኃይለ እንትና። በቃ፣ ተገኘ አልሁ።

መካነ ብርሃን ላለው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ደወልሁ። ኔትወርኩ ሲመጣ ሲጠፋ በሦስተኛው ቀን አገኘሁት። ስሙን ሰጠሁት። ከሁለት ቀን በኋላ መልሶ ደውሎ፣ በዚህ ስም የሚጠራ ሰው ቀበሌው ውስጥ የለም አለኝ። በአባቱም የለም፣ ከግብር መዝገቡም የለም። እንደገና ፈልግ አልሁት። እንደገና ፈልጎ አጣ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሰነፍ ነው ብዬ አማሁት፤ ከቢሮው ሳይወጣ ነው የለም የሚለኝ ብዬ ለሰው ሁሉ አወራሁ።

በዘጠነኛው ቀን አባቴን ልጠይቅ ሄድሁ። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ከአንድ ደብር አልተለዩም። ጨዋታ አጥቼ የውሻውን ነገር አነሣሁባቸው፤ ስሙንም ነገርኋቸው።

«ይኼ እኮ የክርስትና ስም ነው» አሉኝ። «የአባቱም እንደዚያው። የት ሆነህ ነው የጻፍኸው?»

«ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር በር፣ ከቅዳሴ በኋላ።»

«ምን ለብሰህ?»

«ጋቢ። ብርዱ አይቻልም ነበር።»

አባቴ እኔን ዐይተው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «ጋቢ የደረበ፣ ደብተር የያዘ፣ ከደጀ ሰላም የተቀመጠ ሰው ስምህ ማን ነው ሲላቸው ምን ብለው ይንገሩህ? ለጸሎት መስሏቸው ነዋ! የዓለም ስማቸውን ለአንተ ምን ሊያደርግልህ!»

ያ የምዝገባ ቀን በደንብ የታወሰኝ ያኔ ነው። ከቅዳሴ ሲወጡ ሰው በአንድ ጊዜ ይገኛል ብዬ ያቀድሁት እኔ ነበርሁ፤ በብልሃቴም ኮርቼ ነበር። ጓደኞቼ ውሾቹን ከቅጽሩ ውጭ ራቅ ብለው ይከትባሉ፣ እኔ ከበሩ ተቀምጬ የባለቤቱን ስም እጽፋለሁ። ሰዉ እየመጣ ስሙን ዝቅ ባለ ድምፅ ይነግረኛል፤ ወልደ፣ ገብረ፣ ኃይለ፣ ወለተ። እኔም፣ የመሪጌታ ልጅ፣ ዳዊት ደግሜ ያደግሁ፣ ምን ያለ መንፈሳዊ አገር ነው እያልሁ እጽፋለሁ። አንዲት እናት እንዲያውም ጠጋ ብለው፣ «የሞቱትንም ትጽፋለህ?» ብለውኝ ነበር። «የሞተ ውሻ አንመዘግብም» ብዬ መለስሁላቸው። ሴትዮዋ ደንግጠው ዐይተውኝ፣ ነጠላቸውን ሰብስበው ሄዱ። ያኔ እንኳ አልነቃሁም።

የክርስትና ስምን የሚያውቅ የንስሐ አባት ነው አሉኝ አባቴ። በሚያውቋቸው ካህናት በኩል አፈላልገን፣ በዐሥረኛው ቀን የዚያን አጥቢያ አንድ ቄስ በስልክ አገኘን። የሰውን የክርስትና ስም ለምን እንደምጠይቅ መጀመሪያ አልገባቸውም።

«ምነው ልጄ፣ አርፎ ነው?»

«ኧረ አይደለም አባ። ውሻቸውን አግኝተን ነው።»

«በስመ አብ!» አሉ። ቀጥለውም፣ «አወቅሁት። ሸጋ ሰው ነው። ቤቱ ግን ከዚህ ያንድ ቀን መንገድ ነው። ሰው እሰድበታለሁ» አሉኝ። መቼ እንደሚደርስ ልጠይቃቸው ስል መስመሩ ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ አልገባ አለኝ።

የክሊኒኩ ኃላፊ ክፉ ሴት አይደለችም። ሁለት ቀን ጨመረችልኝ። ውሻው ጤነኛ ነበር፤ ተማሪዋም መጥታ ዐይታው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ብላ ሄደች። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ግን ሌላ የተጠረጠረ ውሻ ሊመጣ ሆነ፤ ከባለቤቱም ወሬ የለም። «ዛሬ ጨርሰው» አለችኝ። ወደ ኪራይ ቤቴ እንዳልወስደው አከራዬን አውቃቸዋለሁ። ወደ አባቴ ቤት ግን ልወስደው እችል ነበር። ካህን ቤት ሰው የነከሰ ውሻ ይዤ ልግባ ወይ ብዬ አፈርሁ፤ አልጠየቅኋቸውም። ብጠይቃቸው እሺ ይሉኝ እንደነበር አሁን አውቃለሁ። መርፌውን የወጋሁት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሰውዬው መጣ። ዕድሜው ከአባቴ ቢያንስ በጥቂት ነው። ልብሱ አቧራ ጠጥቷል፤ ትከሻው ላይ አዲስ የተገመደ ገመድ፣ በጨርቅ የተቋጠረ ቂጣ ይዟል። ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጄን ያዘኝ።

«ውሻዬን አገኘህልኝ አሉኝ። እግዜር ይስጥህ ልጄ። ለፋሲካ በግ ጭነን ስንመጣ ከገበያው ሰው በዝቶበት ነው የጠፋኝ። እሱ ከጠፋ ወዲህ ጅቡ ከበረቱ አልነሣም ብሏል፤ ሁለት በግ በልቶብኛል። በጎቹን ለባለቤቴ ጥዬ ነው የመጣሁ።»

ልነግረው አፌን ከፈትሁ። «አያ፣ ትናንት አምልጦን ወጣ» አልሁት።

ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። እጄን እንደያዘ ስለነበር ይመስለኛል። ይናደዳል ብዬ ስጠብቅ ፊቱ በራ።

«ኧረ ግዴለም! ካለ ይገኛል። ድምፄን ያውቃል» ብሎ ቂጣውን አንሥቶ ወጣ። ልጠራው ደጅ ድረስ ወጣሁ፤ አልጠራሁትም።

ሦስት ቀን ፈለገው። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ከሚኒባሱ መስኮት አየዋለሁ፤ በየአጥሩ ጥግ ቆሞ ያፏጫል፣ ከዚያ ጆሮውን ሰጥቶ ያዳምጣል። ተማሪዎች ውሻ ያዩበትን ቦታ ይጠቁሙታል፤ እሱም አምኖ ወደዚያ ይሄዳል። ጊዜው ደግሞ እንግዳ ሰው በየግቢው አጥር የሚዞርበት ጊዜ አይደለም። በሁለተኛው ቀን የጸጥታ ኃይሎች አስቁመው እንደፈተሹት፣ ውሻ ነው የምፈልገው ሲላቸው አናምንህም ብለው ብዙ ሰዓት እንዳቆዩት ዘበኛችን ነገረኝ። የሚያድረው ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ነው አለኝ። ራሴን ጠላሁት። ያም ሆኖ ያን ቀንም አልነገርሁትም።

በሦስተኛው ቀን ከመንገዱ ዳር ተቀምጦ ሳየው ወራጅ አልሁ። ሄጄ ከፊቱ ቆምሁ።

«አያ» አልሁት፣ «ውሻው አላመለጠም። እርስዎ በመጡበት ዋዜማ ገደልነው። የገደልሁት እኔ ነኝ።»

ቀና ብሎ ዐየኝ። ከዚያ ገመዱን ከትከሻው አውርዶ ጉልበቱ ላይ ቀስ እያለ ጠቀለለው።

«ምነው ታዲያ የዚያን ዕለት አልነገርኸኝ?»

«አፈርሁ።»

«ነግረኸኝ ቢሆን ቤቴ ደርሼ ነበር። ሴትዮዋ ብቻዋን ናት ብዬሃለሁ።» ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ቢጮህብኝ በወደድሁ። ቀጥሎም፣ «ሲሞት ፈርቶ ነበር?» አለኝ።

«አልፈራም። ጭንቅላቱን ጉልበቴ ላይ አድርጎ፣ እጄን እየላሰኝ ነው እንቅልፍ የወሰደው።»

መጀመሪያ እጄን፣ ከዚያ ፊቴን ዐየ።

«ይኼስ እውነት ነው፣ ወይስ እንደ ፊተኛው ነው?»

እውነት ነው አልሁት። ማልሁለትም። ገመዱን ከብብቱ ሥር ሸጉጦ ተነሣና፣ ማመን አለማመኑን ሳይነግረኝ ወደ መናኸሪያው ወረደ።