ሦስቴ መጠየቅ

ላይል ብሬኬ ዕድሜውን ሙሉ የወተት ቦቴ ሲነዳ የኖረ፣ ሚስት ያላገባ፣ ብዙ የማያወራ ሰው ነው። በሚኖርበት የገበሬ ወረዳ፣ በኖርዳል፣ ዝምተኛ መባል ቀልድ አይደለም። እዚያ አገር የማያወራው ብዙ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ተለይቶ ስም ማውጣት ችሎታ ይጠይቃል። እናትና አባቱ ሲሞቱ እርሻውን ሸጠና በስማቸው በአካባቢው ኮሌጅ ውስጥ የነጻ ትምህርት ዕድል አቋቋመ። በየዓመቱ ከዚያው ወረዳ አንዲት የገበሬ ልጅ እንድትማርበት ነው። ሰዉ ጉድ አለ። ራሱ የኮሌጅ ደጅ ያልረገጠ ሰውዬ! ምን እንደነካው ሊጠይቁት ፈልገው ነበር፤ ግን ነውር ስለሆነ ሳይጠይቁት ቀሩ።

የነካው የእናቱ የጉድሩን ነገር ነው።

ጉድሩን ተማሪ ሳለች የሚደርስባት አልነበረም። የዚያን ጊዜው የኮሌጁ ኃላፊ፣ ከሩቅ ከተማ የመጣ ጨዋ ሰው፣ መኪናውን እየነዳ ቤቷ ድረስ ሄዶ «ያለ ክፍያ እናስተምርሽ» አላት። እሷም «ኧረ እኔ ምን ሆንኩና፤ ለባሰበት ስጡት» አለችው። ይሄ በኖርዳል እምቢታ አይደለም፤ ገና ጨዋታው መጀመሩ ነው። የሚሰጥህ ኬክም ይሁን ትራክተር ሁለቴ ትግደረደራለህ፤ በሦስተኛው «እንግዲህ ካላችሁ» ብለህ ትቀበላለህ። «በሞቴ» ብሎ መማጸን የለም፤ ሰጪውም ዝም ብሎ ይደግመዋል። በአንዴ እሺ ያለ ሰው ስግብግብ ተብሎ እስከ ልጅ ልጁ ድረስ ሲነሳበት ይኖራል። ኃላፊው ይህን ከየት ይወቀው? «ለሰው አሳቢ ልጅ ነሽ!» ብሎ አመሰገናትና ባርኔጣውን ደፍቶ ሄደ።

ጉድሩን ሻንጣዋን አዘጋጅታ ሁለተኛውን ጥያቄ ስትጠብቅ ማንም ሳይመጣ በረዶ ጣለ። ከዚያ ኦሪን ብሬኬን አገባች። ኦሪን «ያ ሰውዬ ተመልሶ ቢሆን ኖሮ እኔ ዛሬም የማወራው ከላሞቼ ጋር ነበር» እያለ ይቀልድ ነበር። ሲቀልድ ግን ፊቷን አያይም ነበር። ሻንጣዋን የአትክልት ዘር ማስቀመጫ አደረገችው።

ነጻ ትምህርቱ በተቋቋመ በመጀመሪያው ግንቦት የላይል ስልክ ጮኸ። የደወለችው ዳንየላ ናት፤ ከቴክሳስ የመጣች፣ በኮሌጁ ይህን ጉዳይ የያዘች ሠራተኛ።

«አቶ ብሬኬ፣ አዝናለሁ። የሚወስደው ጠፋ።»

«እንዴት ይጠፋል?»

«የተመረጠችው ሲግኒ ሎከን ነበረች። ደውዬ ሳበስራት ‹ለሌላ ሰው ስጡት› አለችኝ። ተጠባባቂዋ ጋ ደወልኩ፤ እሷም ያንኑ! ምነው የእናንተ አገር ልጆች ትምህርት ይጠላሉ እንዴ? እስከ ሰኞ ተቀባይ ካልተገኘ የዘንድሮው ይዘጋል።»

«ሲግኒን ደግመሽ ጠየቅሻት?»

«እምቢ አለች እኮ! እምቢ ያለ ሰው ይጨቀጨቃል?»

«ይሁና» አለ ላይል። በጣም ሲናደድ የሚላት ቃል ነች።

ወዲያው ተነስቶ ወደ ሎከኖች ቤት ነዳ። ፈርቷል። ሌላ ልጅ እንደ እናቱ ቁጭ ብላ ስትቀር ማየት ነው የፈራው፤ ያውም በእናቱ ስም።

በሩን የከፈተችለት የሲግኒ እናት ካሮል ናት። ልጅቷ ማዕድ ቤት ቆማ ልብስ ትተኩሳለች፤ የዶሮ ፋብሪካው የሥራ ልብስ ነው፤ ሰኞ ልትጀምር።

«ላይል! ግባ እንጂ። ኬክ ልቁረስልህ?»

«ኧረ ተይው፤ አሁን ነው የበላሁት።» ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም።

ስለ ዝናቡ አወሩ። ስለ በቆሎው አወሩ። ከዚያ ላይል ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሲግኒ፣ ያ የእናቴ ነገር… ብትወስጂው ምን ይመስልሻል?»

«ኧረ አቶ ላይል፣ እኔ ምን ሆንኩና። ለባሰበት ይስጡት።»

ላይል ደነገጠ። ቃሉ የእናቱ ቃል ነው፤ አንድም አልተለወጠም።

«ጫፏን እንኳ?» አለች ካሮል ኬኩን እያየች።

«አትቸገሪ።»

የዳንየላ ስልክ አንድ፣ ይሄኛው ሁለት። የቀረችው አንዲት ናት፤ በሦስተኛው እምቢ ከተባለ እውነተኛ እምቢታ ነው፣ ከዚያ በኋላ አፍ አይከፈትም። ልጅቷ እውነቷን ባትፈልገውስ? ላይል እጁ ላይ ያለውን ኮፍያ አዟዟረው።

«እንግዲህ» አለ፣ «ካልወሰድሽው ዝም ብሎ ይበላሻል።»

«እውነቱን ነው» አለች ካሮል፤ ድምፅዋ ተሰበረ። «ይበላሻል፣ ሲግኒ።»

ልጅቷ ካውያውን አስቀመጠች። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ቀላ።

«እንግዲህ… የሚበላሽ ከሆነ።»

ካሮል ወደ ምድጃው ዞራ በሽርጧ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ሳትዞርም «ላይል፣ ኬክ?» አለች።

«እንግዲህ ካልሽ» አለና ሁለት ትልልቅ ቁራሽ በላ።

በመስከረም ኮሌጁ ለጋሾቹን፣ ተማሪዎቹንና ቤተሰቦቻቸውን ምሳ ጋበዘ። ዳንየላ መድረክ ላይ ወጥታ «አቶ ብሬኬ፣ ስለ ወላጆችዎ ትንሽ ቢነግሩን?» አለች።

«ኧረ ይቅር፤ ሰዉ ይርበዋል።»

ዳንየላ ፈገግ ብላ ወደሚቀጥለው ለጋሽ ልታልፍ ስትል ከፊት የተቀመጠችው ሲግኒ ቀሚሷን ያዝ አደረገቻት። ዳንየላ ግራ እየተጋባች ተመለሰች።

«ሁለት ቃል እንኳ፣ አቶ ብሬኬ?»

«ሌላ ሰው ይናገር።»

ዳንየላ ሲግኒን አየቻት። ሲግኒ «ቀጥዪ» በሚል ራሷን ነቀነቀች።

«አቶ ብሬኬ፣ ይናገሩልን።»

ላይል ወንበሩን ገፋ አድርጎ ተነሳ።

«እናቴ ጉድሩን እዚህ መማር በጣም ትፈልግ ነበር» አለ። «አንዴ ጠየቋት።»

ተቀመጠ።

የከተማው እንግዶች የሚቀጥለውን ይጠብቃሉ። የኖርዳል ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ግን ሹካ የያዘ ሁሉ ሹካውን አስቀመጠ። ካሮል አንድ ቁራሽ ኬክ አንስታ ሳትጠይቀው ፊቱ አስቀመጠችለት። ላይልም ሳይግደረደር በላ።