ያልተጻፈው ጎጆ

ልጅ ሳለሁ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሸሽጎ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር፤ ጥፋቱ የአከራያችን የአባ መጫ ነው። አባቴ ከሸዋ ወደ ጅማ ሲዛወር፣ በአሰንዳቦ መንገድ በኩል፣ ከተማው አልቆ ጨፌው የሚጀምርበት ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራየን። መብራት በጠፋ ቁጥር እኔ ወደ አባ መጫ ቤት እሮጣለሁ። ንብ አርቢ ስለነበሩ ጋቢያቸው ዘወትር ጭስ ጭስ ይላል። ያኔ ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሱ፣ ኩራዙ ግማሽ ፊታቸውን ብቻ እያበራው፣ ስለ ማር መሪዋ ወፍ ይተርኩልኝ ነበር፤ አንድ ሰውዬን ከዛፍ ዛፍ እየጠራች ማር ያለበት ግንድ ታደርሰዋለች፣ እሱ ሰፈፉን እንኳ ሳይተውላት ጠራርጎ ይሄዳል፣ በማግስቱ ስትጠራው ደስ ብሎት ይከተላትና ነብር የተኛበት ጥሻ ውስጥ ትከተዋለች። እዚህ ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን ያነሳሉ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ልምራችሁ የሚል ሁሉ የሚበላው አለው። ጠርጥሪ! ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር።»

ምክንያት ነበራቸው። አንድ ጊዜ ሜትር የያዙ ሰዎች መጥተው ግጦሻቸውን ለክተው፣ ማራቸውን በልተው፣ መርቀዋቸው ሄዱ፤ በዓመቱ ግጦሹ ታጠረ። ከግቢያቸው ሌላ የቀራቸው ጨፌው ዳር ቀፎ የሰቀሉበት ቦታ ብቻ ነበር። እሱም ከተወሰደ በስተርጅና የሰው እጅ ማየታቸው ነው።

ስድስተኛ ክፍል ስደርስ፣ ዝናቡ ገና እንዳባራ፣ የሳይንስ አስተማሪያችን ወፍ ልናይ ነው ብሎ የተፈጥሮ ክበቡን ልጆች ይዞን ወጣ። ከሌላ አገር የመጣ፣ ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነበር፤ አንገቱ ላይ የሩቅ መነጽር፣ እጁ ላይ ደብተር። ከቡናው ጫካ ጀመርን፤ ዋንዛ ሥር ተኮልኩለን ግንደ ቆርቁር ግንድ ሲቀጠቅጥ አየን፣ የበቆሎ ማሳውን ስናቋርጥ ጅግራ አስነሳን፣ ልጁ ሁሉ መነጽሩን ለመያዝ ይጋፋል። እኔ ግን ዓይኔ ከወፉ ላይ አልነበረም። ቲቸር ይጽፋል። ወፍ በሌለበትም ይጽፋል! ምንጭ ሲያይ ይጽፋል፣ አጥር ሲያይ ይጽፋል፣ ይባስ ብሎ አንዱን ልጅ «ይሄ ጨፌ የማን ነው?» ብሎ ጠየቀው። ወፍ ሊያይ የመጣ ሰው ባለቤቱ ምን ያደርግለታል?

ጨፌው ዳር ጫማችንን አውልቀን ቆምን። ራሳቸው ላይ ወርቃማ አክሊል የደፉ ሁለት ረጃጅም ወፎች ከቀፎዎቹ ወዲያ፣ ቄጤማው መሃል ጎጆ ሠርተው ነበር፤ ይህንን ደግሞ የምናውቀው እኔና አባ መጫ ብቻ ነን። ቲቸር ወፎቹ ሲያርፉ አየና ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ የዚህ ሰፈር ልጅ አይደለሽ? ጎጆ አላቸው? እዚህ የሚፈለፍሉ ከሆነ በጣም ይጠቅመናል።»

ይጠቅመናል! ማንን?

«የላቸውም» አልኩ። «ውሃ ጠጥተው ነው የሚሄዱት።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ወላሂ!» አልኩ፣ የክርስቲያን ልጅ ሆኜ፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ የሚምለው በዚያ ነበር። ከዚያ ጭቃው ጉልበት በሚውጥበት በኩል ወሰድኳቸውና ነጫጭ የሳቢሳ ወፎች ብቻ ቆጥረን ተመለስን። አመሻሽ ላይ ለአባ መጫ ስነግራቸው ተነሥተው ግንባሬን ሳሙኝ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ! አንቺስ አትመነጠሪም» አሉ። ሰው ሆንኩ ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ተንጎራደድኩ።

በቀጣዩ በጋ ጨፌው ለጡብ ሠሪዎች ተሰጠ። ጭቃው ተቆፈረ፣ ቀፎዎቹ ወረዱ፣ ወፎቹም ሄዱ። አባ መጫ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው «ያ መነጽራም! ሸጠኝ» ይሉ ጀመር፤ ሰፈሩም አመናቸው። ሻይ ቤት ውስጥ ለቲቸር ወንበር የሚለቅለት ጠፋ። አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ ለብቻዬ አገኘኝና፣ ጨፌው እንዳይነካ ለመሬት ቢሮ አመልክቶ እንደነበረ፣ ነገር ግን ወፎቹ የሚፈለፍሉበት ለመሆኑ ማስረጃ አምጣ ሲሉት የሚያሳየው ጎጆ እንዳጣ ነገረኝ። ቁጣ አልነበረበትም። «አንቺም እንኳ አላየሽ፤ ምን ይደረግ» አለኝ።

ያኔ መናገር እችል ነበር። እሱን ባፍር እንኳ፣ ለአባ መጫ «ሰውየው ንጹሕ ነው፤ ጎጆውን የደበቅኩት እኔ ነኝ» ማለት ምን ይከብዳል? ከበደኝ። ይጠሉኛል ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ያን ምስኪን እንደረገሙ ሞቱ፤ እኔ አጠገባቸው ነበርኩ።

ከእነዚያ ምሽቶች ብዙው ተረት ከራሴ ጠፍቷል። የቀረው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ከአባ መጫ ጋር ደጃፉ ላይ ተቀምጠን ሳለን ቲቸር በመንገዱ መጣ፤ ቆመና ጎንበስ ብሎ «እንደምን ዋሉ፣ አባ?» አላቸው። አባ መጫ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ ቲቸር እኔን አየኝ፤ «አንቺስ?» የሚል ዓይን ነበር። እኔም አዞርኩ።