የመኪናዋን የፊት እግር ያጠብኩ ሰሞን

ባሌ ሲናደድ ይዘምራል። ሌላው ሰው ይሳደባል፣ ዕቃ ይወረውራል፤ የኔው ጉድ ግን መዝሙር ነው የሚያወጣው። ጎረቤቶቻችን መንፈሳዊ ሰው ነው እያሉ ለዓመታት ሲያከብሩት ኖረዋል። ድምፁ ከፍ ባለ ቁጥር ንዴቱም እንደሚብስበት የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ያን ሐሙስ ከግቢያችን የወጣውን መዝሙር ከተማው መሐል ያለው ባህል አዳራሽ ድረስ ሳይሰሙት አልቀሩም። ጥፋቱም የኔ ነበር፤ አልክድም።

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ፣ መሥሪያ ቤቶች አሮጌ መኪኖቻቸውን በጨረታ ሲሸጡ፣ ሹፌር የነበረው ባሌ አንዲት ፒካፕ ገዛ። ለሰላምታ ለቆመ ሁሉ «ፎር ዊል ናት» ይላል። እርግጥ ነው፣ አራቱም ጎማ ይጎትታል፤ ጭቃ አይበግራትም። ግን ትንሽ ፈጠን ስትል መሪዋ ወባ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጥ ነበር።

አባቴ ደግሞ በዘጠኝ ዓመት ትዳሬ አንድም ቀን ደጄን ረግጠው አያውቁም። ሁላ በምትባል ወረዳ፣ ደጋው ላይ፣ እንሰትና ከብታቸውን ይዘው ይኖራሉ። ባሌ ሽማግሌ የላከ ጊዜ፣ «ሹፌር በር እንጂ ግድግዳ የለውም፤ ልጄን የት ሊያኖራት ነው?» ብለው መልሰዋቸው ነበር። በኋላ እናቴ ለምና አስፈቀደች። እሳቸው ግን ተቀየሙ። እኔ ስሄድ ያበሉኛል፣ ይመርቁኛል፤ ቤቴ ይምጡ ስላቸው ወደ ከብቶቹ ዞር ይላሉ።

በዚያ ዓመት ፊቼ፣ የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ሊገባ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ቅቤ ይዞ ገበያ የወረደ የሁላ ሰው የአባቴን ቃል አደረሰኝ። ባልሽ ራሱ መጥቶ ከወሰደኝ በዓሉን እናንተ ዘንድ እውላለሁ፣ ካልመጣ ግን ሁለተኛ እንዳትጠይቂኝ ብለዋል። ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ምን ሆነሽ ሲሉኝ ሽንኩርት ነው አልኩ፤ የምሸጠው ድስትና ትሪ መሆኑን ረስቼ።

ባሌ ይህን ሲሰማ አባትሽን በምትንቀጠቀጥ መኪና አላመጣም አለ። ጋራዥ ውሰዳት ስለው ሞቼ ነው ቆሜ አለኝ። ረቡዕ ዕለት በክሪክ አንስቶ፣ የፊት ጎማዎቹን አውጥቶ፣ የፊት እግሯን፣ ጎማዎቹን ከመሪው የሚያያይዘውን ብረት ሁሉ፣ አንድ በአንድ ፈታው። የፈታውን ግቢያችን ውስጥ ካለው የአቮካዶ ዛፍ ሥር ጆንያ ላይ አሰለፈው፤ የቀኙን በቀኝ፣ የግራውን በግራ፣ በአወጣጡ ተራ። ምልክት አያደርግ፣ አይጽፍ። ብረቱ ራሱ ደብተር ነው ይላል። ሐሙስ ጠዋት ባረጀው ምትክ የሚገባ ኩሽኔታ ፍለጋ ገበያ ወጣ።

እኔ ቤት እያጸዳሁ ነበር። ለአባቴ ብዬ መጋረጃ አጥቤያለሁ፣ የሽንት ቤቱን ዙሪያ በአዲስ ቆርቆሮ አሳጥሬያለሁ። ዞር ስል ያ ሁሉ ቅባትና ጭቃ የጠገበ ብረት ግቢዬ መሐል ተዘርግቷል። አባቴ ቤት ለፊቼ ዶማው፣ ማጭዱ፣ ቢላዋው ሁሉ ይታጠባል፤ በቆሸሸ ብረት ላይ ዓመት አይለወጥም ብለው ነው ያሳደጉን። ታዲያ ይህን አይተው ምን ሊሉ ነው? እጅጌዬን ሰበሰብኩና ገባሁበት።

መጀመሪያ በናፍጣ፣ ቀጥሎ በሙቅ ውሃና በሳሙና ፈተግኩት። የደረቀውን ጭቃ በወጥ ቤት ቢላዋ ፋቅኩት። በፀሐይ አድርቄ በየመጠኑ ደረደርኩት፤ ትልቁ ከታች፣ ትንሹ ከላይ፣ ቡሎን ከቡሎን ጋር። የቤት ዕቃ ነጋዴ ነኝ፣ ዕቃ በመጠን ነው የሚደረደረው። ቀለበት የሚያካክሉትን ራንዴላዎች ስድስት ስድስት አድርጌ ትሪ ላይ አሰለፍኳቸው። እውነቴን ነው፣ ያምር ነበር።

ባሌ መጣና ቆመ። ሁለት ተመሳሳይ ብረቶች አንስቶ አስተያየ።

«ቀኙ የቱ ነው?» አለኝ በቀስታ።

«ሁለቱም አንድ ዓይነት አይደሉም እንዴ?» አልኩት።

ያኔ ነው መዝሙሩ የጀመረው።

ዓርብ ቀኑን ሙሉ ከመኪናዋ ሥር እግሩ ብቻ ይታያል፤ ድምፁ ግን ሰፈሩን ሞልቶታል። አጥር የሚለየን ጡረተኛ አስተማሪ ወንበር አውጥተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አብረውት ይዘምራሉ። እኔ ቀና ብዬ ለማየት እንኳ አፍሬ ቆጮዬን አዘጋጃለሁ። አንዴ ቀርቤ ላግዝህ ስለው ድምፁን ሁለት ቁጥር ጨመረበት።

ቅዳሜ፣ የፊቼ ዋዜማ፣ ማለዳ ላይ ጨረሰ። አንዲት ራንዴላ ተርፋለች። ትርፍ ናት አለ። ፋብሪካው ለምራቂ ነው የሰጠህ ልለው አማረኝና ዋጥኩት። ገባና ሞተሩን አስነሳ፤ መሪውን ወደ ግራ፣ ወደ በሩ አዞረው። መኪናዋ ወደ ቀኝ ሄደች። የባሰውን ወደ ግራ ቢጠመዝዘው የባሰውን ወደ ቀኝ ተጠመዘዘች። ፍሬን እስኪይዝ ድረስ አዲሱን የሽንት ቤት ቆርቆሮ ጥሳ አልፋ፣ አፍንጫዋን ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ አድርጋ ቆመች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ውስጥ የነበረችው አንዲት ዶሮ ብቻ ናት።

ወይ ጉዴ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ ግን የምለቅመውም አላየሁም። ሁላ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፣ ከዚያ በኋላ ያለው ጭቃ ነው። አባቴ ደጃቸው ላይ ለብሰው ቆመው ይታዩኛል። ዘጠኝ ዓመት ጠብቄ በገዛ ሳሙናዬ አጥቤ ላጣቸው ነው።

ባሌ እየዘመረ ተመልሶ ከሥር ገባ። እኔም ነጠላዬን አሸርጬ ተከትዬው ገባሁ። ሊያስወጣኝ ሞከረ፤ አልወጣም አልኩ። ብረቶቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። እያንዳንዱን በእጄ አገላብጬ ያጠብኩት ነው፤ እንደ ልጅ ገላ ነው የማውቀው። መሪው የሚገፋውን ዘንግ ከጎማዎቹ ዘንግ ጋር የምታገናኝ፣ እንደታጠፈ ክርን ያለች ብረት አለች። ጀርባዋ ላይ የቢላዋዬን ጭረት አየሁ። ወደ ላይ ዞሯል።

«ይቺ ተገልብጣ ነው የገባችው» አልኩት። «ጭቃ የፋቅኩላት በዚህ በኩል ነው። ጭቃ ከሰማይ አይዘንብም፤ ይሄ ጎን ወደ መሬት ነበር።»

ጭረቱን በጣቱ ዳሰሰ። መዝሙሩም ቆመ። ከዚያ ቁልፉን አንስቶ ፈታት፤ ሲገለብጣት ያቺ «ትርፍ ናት» ያላት ራንዴላ የምትገባበት ቦታ ታየ። ስለ ምራቂው የዋጥኳትን ቀልድ ያኔም አላወጣኋትም። ያን ቀን ዝም ማለቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

ግቢው ውስጥ ወደ ግራ ሲያዞር ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲያዞር ወደ ቀኝ ሄደች። ሰፈሩን ሦስት ጊዜ ዞሮ ሞከራት፤ መንቀጥቀጡም የለም። ፊቱን እንኳ ሳይታጠብ ወደ ሁላ ወጣ።

ፀሐይ ከተማችን ዳር ወዳለው ሐይቅ ስታዘቀዝቅ ተመለሱ። አባቴ ሲወርዱ ጉልበታቸውን ሳምኩ፤ ሳሙኝ፣ ምንም አላሉም። ከብት እንደሚገዛ ሰው መኪናዋን ዞረው አዩዋት፤ ጎንበስ ብለው ከሥርም አዩ። ብረቱ ታጥቧል አሉና ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ።  ወዲያው ወደ እኔ ጠጋ ብለው ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ጠየቁኝ።

 ቆርቆሮው ጠዋት እንደወደቀ መሬት ላይ ተኝቷል። ያን ሁሉ ስናስብ ይህን ያሰበ የለም።

ባሌ አየኝ፣ አየሁት። ገብቶ የአልጋችንን ብርድ ልብስ ይዞ ወጣ፤ አባቴን በእጁ እየመራ ወሰዳቸው። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ሁለት እጁን ግራና ቀኝ ዘርግቶ፣ ብርድ ልብሱን ከትከሻው በላይ ወጥሮ ቆመ። ሁለት ቀን ከብረት ጋር የታገለ ክንዱን አላወረደም። አስተማሪው በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ፤ በዓይኑ መለሳቸው።

አባቴ አልቸኮሉም። በመጨረሻ ከብርድ ልብሱ ጀርባ ድምፃቸውን ሰማሁ፤ በሲዳምኛ ነበር፣ ለኔ ይሁን ለራሳቸው አላውቅም።

«ለካስ ግድግዳ አለው» አሉ።

የባሌ ሲዳምኛ የገበያ ነው፤ ይህችን ግን አላመለጠችውም። ፊቱን ወደ አቮካዶው አዞረና ቀስ ብሎ መዘመር ጀመረ። እኔ እስከማውቀው ድረስ፣ ሳይናደድ የዘመረው ያን ቀን ብቻ ነው።