ለእትዬ ኮፒ አይገጠምም

ስልኩ ሲጮህ መካኒኩ ታክሲ ሥር ተጋድሞ ነበር። ሁለት እጁ እስከ ክርኑ ግራሶ ስለነበር ባለ ታክሲው ጎንበስ ብሎ ስልኩን ከደረት ኪሱ አወጣና ጆሮው ላይ ያዘለት።

«አጎቴ» አለች የእህቱ ልጅ። «እማዬ ጠዋት አረፈች።»

ድምፁ ለባለ ታክሲውም ተሰምቶታል። ስልኩን ያንሳ አያንሳ ግራ ገብቶት እንደጎበጠ ቀረ። መካኒኩ «እሺ» አለ። ደግሞ «እሺ፣ እመጣለሁ» አለ። ልጅቷ ስታለቅስ ሰማትና «በቃ ዝጋው» አለው ባለ ታክሲውን።

ከዚያ መፍቻውን አንስቶ ወደ ቀረችው ብሎን ተመለሰ።

«ኧረ ተወው ጋሼ፣ ነገ ይደርሳል» አለ ባለ ታክሲው።

«ጎማ የሚይዝ ነገር ላልቶ አይታደርም» አለና እስከ መጨረሻው አጥብቆ ወጣ። እጁን በጨርቅ ሲጠርግ የዕቃው ካርቶን መሬት ላይ ወድቆ አየው። ያረፈደው ቦል ጆይንት ሲቀይር ነው፤ ጎማውን ከታች ደግፎ የሚይዘውንና መሪ ሲዞር አብሮ የሚዞረውን መገጣጠሚያ። የገጠመውም ኮፒ ነበር፤ የመኪናው ፋብሪካ ሳይሆን ሌላ ፋብሪካ በልኩ የሠራው። ካርቶኑን አጣጥፎ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተተና ባለቤቱን ሊጠራ ወደ ጓሮ ዞረ። ጋራዡና ቤቱ አንድ ግቢ ነው።

መካኒኩ ኮፒ የሚንቅ ሰው አልነበረም። እንዲያውም ሰፈሩ የሚያውቀው በዚሁ ነው። አሮጌ መኪና ይዞ የመጣ ሁሉ ኦሪጅናል ካልሆነ ብሎ ሲያስቸግረው፣ «ወንድሜ፣ ያንን እየጠበቅክ መኪናህ ውስጥ ዶሮ ትፈለፍልበታለች» ይለዋል። ለበር እጀታና ለመብራት ምንም ይሁን ምን ግድ የለውም። ለፍሬንና ለመሪ ሲሆን ግን ዕቃውን መዳፉ ላይ አድርጎ ይመዝነዋል፣ የመገጣጠሚያውን ኳስ ወዲያ ወዲህ ያዞራታል፣ ኳሷን የሸፈነውን ጎማ በጥፍሩ ቆንጥጦ እስኪመለስ ይጠብቃል። ያለፈውን ይገጥማል፤ የወደቀውን ለሻጩ መልሶ ይወረውርለታል። በእጁ ያለፈ ኮፒ ተመልሶ መጥቶበት አያውቅም።

ሻጩ ከጋራዡ ፊት ለፊት የመለዋወጫ ሱቅ ያለው አብሮ አደጉ ነው። ዕቃ ባወጣ ቁጥር በእናቱም በልጆቹም በዓይኑም ስለሚምል ስሙ ተረስቶ ምሎ አደር ሆኖ ቀርቷል። እሱም ለምዶት፣ ምሎ አደር ብለው ሲጠሩት አቤት ይላል።

ያረፈችው እህቱ ታላቁ ናት፤ እትዬ ነው የሚላት። እናታቸው ቶሎ ስለሞተች አጥባ፣ አብልታ፣ ገርፋም ያሳደገችው እሷ ናት። ትምህርቱን ጥሎ አባታቸው መኪና ሥር ሲውል አባትየው ቀበቶ ሲፈቱ፣ «ተዉት አባባ፣ ከዚያ ሥር የሚያወጣው ረሃብ ብቻ ነው» ብላ ያስጣለችውም እሷ ናት። ሙያ የያዘው በዚያች መኪና ነው። ረጅም ስቴሽን ዋገን ናት፤ የኋላ ወንበሯ ሲታጠፍ ሰው እግሩን ዘርግቶ ይተኛባታል። እትዬ ሙሽራ ሆና አሁን እሱ ከሚኖርበት ከአባታቸው ግቢ የወጣችው በእሷ ነው። አባትየው ሲሞቱ መኪናዋ ለመካኒኩ ቀረች።

እትዬ በባሏ ከተማ ኖረች፤ ባሏን እዚያው ቀበረች፤ እርጅና ላይ ደግሞ ከደረጃ ወድቃ ወገቧ ተሰበረ። ሐኪሞች ብረት አስገብተው ጠገኗት፤ መቀመጥ ግን አልሆነላትም። ተጋድማ ቀረች። አንድ ቀን ደወለችለት።

«አንተ፣ የዚህ ቤት ጣራ ሰለቸኝ። ጣራ ማየቴ ካልቀረ የራሳችንን ልይ።»

«ነይ እንጂ እትዬ! በምን ልውሰድሽ?»

«በአባባ መኪና ነዋ። ከኋላ ተጋድሜ እመጣለሁ።»

ልጇ አምቡላንስ ልከራይላት ብላ ነበር። እትዬ «እየጮህኩ ገብቼ ሰፈሩን ላስደንግጥ?» ብላ እምቢ አለች።

መካኒኩ በማግስቱ መኪናዋን በክሪክ አነሳት። ሞተሯ ደህና ነው፤ ፍሬኗ ደህና ነው። የፊት ጎማዎቿን ይዞ ሲነቀንቃቸው ግን የግራውም የቀኙም ቦል ጆይንት ቋ ቋ አለ። ሁለቱንም ፈታቸው። ፋብሪካው የዚያችን መኪና ዕቃ መሥራት ካቆመ ስንት ዘመኑ ነው። ጨርቁን ትከሻው ላይ ጥሎ ወደ ምሎ አደር ተሻገረ።

ምሎ አደር ሁለት ቦል ጆይንት ባንኮኒው ላይ ዘረገፈ። «ያውልህ! ዓይኔን ይንሳኝ፣ ከኦሪጅናሉ ጋር አንድ እናት ናት የወለደቻቸው። ለመኪናው ፋብሪካ ይሠሩ የነበሩት ሰዎች ናቸው፤ ማርኩን ፍቀው በራሳቸው ስም ይሸጡታል። የተፋቀበትን እየው።»

መካኒኩ መዘነው፣ ኳሷን አዞረ፣ ጎማውን ቆነጠጠ። እንከን አላገኘበትም።

«ኦሪጅናሉን ፈልግልኝ» አለ።

«አመመህ?»

«ወገቧ በብረት የተያዘ ሰው ነው የምጭነው። አንዲት ጉድጓድ ብትነርታት አትችልም። ለእትዬ ኮፒ አይገጠምም።»

«ለእኔ መኪና ትገጥመው የለም እንዴ? የእኔ ወገብ የላስቲክ ነው?»

«የአንተ ወገብ በመሐላ የቆመ ነው፤ ምን ይነካዋል» አለና ተሳስቀው ተለያዩ።

ፍለጋው ቀጠለ። ምሎ አደር በየከተማው ደወለ። አለ ተብሎ የጠፋ አለ፤ ለሌላ መኪና የሆነ አለ። ዝናቡ መጥቶ ሄደ። መኪናዋ ሸራ ለብሳ ክሪክ ላይ ቆመች። የመካኒኩ ባለቤት ልብስ ልታሰጣ ባለፈች ቁጥር፣ «አንተ ሰውዬ፣ ለሰው ሁሉ የምትገጥመው ለእህትህ ሲሆን ምን ነካው?» ትለዋለች። እሱም «ለሰው ሁሉና ለእትዬ አንድ ነው?» ይላል። መልሱ ለራሱ ሲሰማው ትክክል ነበር።

በመጨረሻ ኦሪጅናሉ ተገኘ። ሱቁን የዘጋ አንድ ሽማግሌ መጋዘኑ ውስጥ ነበረው። ካርቶኑ ቢወይብም የፋብሪካው ማሸጊያ አልተነካም። መካኒኩ እጁን በሳሙና ታጥቦ ከፈተው። ማርኩ አለ። ወረቀቱ አለ። የጎማውን ሽፋን በጥፍሩ ሲቆነጥጠው ግን ቀጭ ብሎ ተሰነጠቀ። ውስጡ የነበረው ግራሶ እንደ ሻማ ደርቋል። ዕቃው ሳይሠራ መደርደሪያ ላይ አርጅቶ ነበር።

የደንበኛ ቢሆን ኖሮ «ይኼ ሬሳ ነው፣ ኮፒውን አምጣ» ብሎ በዚያው ሰዓት ይጨርስ ነበር። አሁን ግን ካርቶኑን መልሶ ዘጋና «ሌላ ፈልግልኝ» አለው ምሎ አደርን። ምሎ አደር ያን ቀን አልማለም። «እሺ» ብቻ አለ።

ማታ እትዬ ደወለች። «ዕቃው ደረሰ አሉኝ?»

«ደርሶ ነበር፤ አርጅቷል። ሌላ አዝዣለሁ።»

ከዚያ ሳቀች። «ስማ እንጂ፣ ሐኪሞቹ ወገቤ ላይ የከተቱት ብረት ኦሪጅናል ነው እንዴ?»

«አንቺ ደግሞ!» አለ፤ እሱም ሳቀ። በነጋታው ለምሎ አደርም ለባለቤቱም ነገራቸው። እትዬ እንኳን ቆማ ተኝታም አትቻልም አለ። ሦስቱም ሳቁ። ቀልዱን ሲያወራ ሰነበተ፤ ልመና እንደነበር ግን አንድም ጊዜ ትዝ አላለውም።

ለቀብር በአውቶቡስ ሄደ። ሁሉ ካለቀ በኋላ ከእህቱ ልጅ ጋር ባዶው አልጋ አጠገብ ተቀመጠ። አንሶላው ተነስቷል፤ ፍራሹ መሃሉ ጎድጉዷል።

«ትራስ አልፈልግም ትል ነበር» አለች ልጅቷ። «መኪናው ውስጥ ትራስ ይንሸራተታል፣ ያለ ትራስ መተኛት ልልመድ ብላ። አንገቷን እያመማት።»

መካኒኩ ጣራውን ቀና ብሎ አየ። ነጭ ነው፤ ምንም የለበትም።

«ተቀይማኝ ነበር?»

«አንተን? አይ አጎቴ። ለምን ቆየ ስንላት ተቆጥታ፣ ጠንቃቃ ልጅ ነው፣ አትንገሩኝ ነበር የምትለው።»

ብትቀየመው ይሻለው ነበር። ጎንበስ ብሎ ፍራሹን በእጁ አቃና።

ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ቀን ጋራዡን አልከፈተም። ከዚያ አንድ ጠዋት ወደ ምሎ አደር ተሻገረና እጁን ዘረጋ። ምሎ አደር ያኔ ያሳየውን ሁለቱን ኮፒ ከመደርደሪያው አወረደለት። ሌላ ገዢ ጠይቆት ይሁን አይሁን መካኒኩ አልጠየቀም።

ሸራውን ገፎ መኪናዋ ሥር ገባ። የግራውን ገጠመ። ዕቃው ያለ ምንም ግፊት በቦታው ተቀመጠ፤ ብሎኖቹ በጣት ገቡ፤ በመፍቻ አጠበቃቸው። ጎማውን መልሶ በሁለት እጁ ነቀነቀው። ድምፅ የለውም። ባለቤቱ ሻይ ልታፈላ ገብታ ነበር፤ ይዛለት ስትወጣ ጨርሶ ቁጭ ብሏል።

«አለቀ?» አለችው።

«የግራው አለቀ።»

«እንዲህ ቶሎ?»

አፏ ላይ የመጣውን ዋጥ አድርጋ ብርጭቆውን አጠገቡ አስቀመጠችለትና ሄደች። ሻይውን ጠጣ፤ መፍቻዎቹን ጠረገ፤ ሁለተኛውን ዕቃ ከነካርቶኑ የሾፌሩ ወንበር ላይ አስቀምጦ በሩን ዘጋ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ መኪና ሠርቷል፤ ለብዙ ሰውም ኮፒ ገጥሟል። የአባቱ መኪና ግን አሁንም ክሪክ ላይ ናት፤ የቀኙ አልተገጠመም።