ምርቃት ከስብሰባው በኋላ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ወንድሜ አበረ አንድ ጥቅል ትልቅ ወረቀት፣ ሦስት ማርከርና የሰልጣኞች ስም ዝርዝር ሰጠኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤት ስላልመጣልኝ ቤት ተቀምጬ ነበር። እሱ በደብረ ታቦር ነዋሪዎችን ለሰፈር መሪነት ያሰለጥን ነበር። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆንኩ።

"መጀመሪያ ወንበሩን" አለኝ። በረድፍ የነበሩትን ወንበሮች ክብ አደረግናቸው። ረድፍ ካለ ሽማግሌዎቹ ፊት፣ ሴቶቹ በር ሥር ይቀመጣሉ፤ በር ሥር ያለ ሰው ደግሞ አይናገርም አለኝ።

በመጨረሻው ቀን ሰልጣኞቹ የሰፈራቸውን እውነተኛ ጉዳይ ይዘው ራሳቸው ስብሰባ ይመሩ ነበር። እሱ ጥግ ይቀመጥና እጁን አፉ ላይ ያደርጋል። አንዴ ሁለት ሰዎች በቦይ ጉዳይ ተጣልተው ሊወጡ ሲሉ ሌሎቹ ዝም ትላለህ ወይ አሉት። እጁን ሳያነሳ በዓይኑ ሰብሳቢዋን አሳያቸው።

አንድ ነገሩ ግን አልገባኝም። በእኛ አገር ስብሰባ የሚከፈተው በሽማግሌ ምርቃት ነው። እሱ ወደ መጨረሻ ወሰደው። ድፍረት መሰለኝ። ስጠይቀው "ስትሠራው ይገባሃል" ብሎ ሳቀ።

ባለፈው ክረምት ታሞ ሞተ። ሁለት ሳምንት እንኳ አልታመመም። ስለዚህ ብዙ መጻፍ አልችልም።

የጀመረው ስልጠና አንድ ቀን ቀርቶት ነበር። ኃላፊያችን አንተ ጨርሰው አሉኝ። የቀረው ጉዳይ የቦኖ ውኃ ነበር። ለሰፈሩ አንድ ቦኖ ይተከላል፤ ቦታውን ሰልጣኞቹ በዚያ ቀን ይወስናሉ።

ወንበሩን ክብ አደረግሁ። ሰዎቹ ሲገቡ እጄን እየያዙ "እግዜር ያጽናህ" አሉኝ። ለወንድሜ አንድ ነገር እንዲባል ፈለግሁ። ከሁሉም ታላቅ የሆኑትን አያ ደሴን፣ መርቀው ይክፈቱልን አልኳቸው።

አያ ደሴ ተነሱ። "የአበረን ነፍስ ይማርልን" አሉ። አሜን አልን። "ሰፈራችንን ከክፉ ይጠብቅልን።" አሜን። "ቦኖውንም ከደጄ፣ ከወይራው ሥር ያርግልን።" አሜን። እኔም አልኩ።

ከዚያ አጀንዳውን ወረቀቱ ላይ ጻፍኩ። እጅ የሚያወጣ ጠፋ። አንዱ፣ አሜን ብለናል፣ ምን ቀረ አለኝ።

ለእረፍት ስንወጣ የዕለቱ ሰብሳቢ ሰዓዳ ጠጋ አለችኝ። ከጅዳ ተመልሳ ገበያው ውስጥ ልብስ ትሸጣለች፤ ቤቷ ታች ነው። የታች ሰዎች ጀሪካን አዝለው እስከ አያ ደሴ ደጅ ያን ዳገት ሊወጡ ነው አለችኝ።

"ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?"

"በምርቃት መሀል ማን ይናገራል? ወንድምህ እኮ ምርቃቱን መጨረሻ ያደርግ የነበረው ወዶ አይደለም።"

ያን ጊዜ ገባኝ። እሱ የለም እንጂ ሄጄ እነግረው ነበር።

አያ ደሴ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። "አያ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አልኳቸው። "ምርቃቱን ያለቦታው አስገባሁት። ሰው ሃሳቡን ሳይናገር ቀረ።"

ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

"ለአበረ ያልኩትንም ልታስመልሰኝ ነው?"

"እሱ ይቆይልኝ።"

"እንግዲያ ወይራውን ብቻ መልሻለሁ" አሉ። ገብተውም ይህንኑ ለሁሉም ተናገሩ።

ሰዓዳ ስብሰባውን ከበሩ አጠገብ ከተቀመጠው ጀመረችው። እኔ ጥግ ተቀመጥኩ፤ እጄን አፌ ላይ አደረግሁ። ተከራከሩ። ዳገቱ ስንት እርምጃ ነው ተባባሉ። አያ ደሴ በመጨረሻ፣ የእኔም ጉልበት መውረዱን አልወደደውም አሉና ሳቁ። የዳገቱ እኩሌታ ላይ፣ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ይሁን ተባለ። ቃለ ጉባኤውን እኔው ጻፍኩ። ከዚያ አያ ደሴ መረቁን።

አሁን ሁለት አዳዲስ አሰልጣኞች አብረውኝ አሉ። ምርቃት ከስብሰባው በኋላ ነው አልኳቸው። ለምን አሉኝ። ስትሠሩት ይገባችኋል አላልኳቸውም። አሜን ከተባለ በኋላ ሃሳብ የሚሰጥ ሰው የለም አልኳቸው።