ያላነበብሁት ማስተባበያ

እሑድ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ የክረምቱ ዝናብ ባቆመ ሰሞን፣ ባሕር ዳር ውስጥ በራዲዮ ውሸት አነበብሁ። ውሸት መሆኑን እያወቅሁ አነበብሁ። ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬ አላውቅም።

ዜናው ስለ ሙሉቀን ነበር። ከጣና ደሴቶች በአንዷ የተወለደ የጃዝ ቤዝ ተጫዋች ነው፤ በደሴቷ ኑሮ ላይ የሠራውን የመጀመሪያ የግል አልበሙን ማውጣቱ ነበር። ፋሲሎ ሰፈር በተከራያት ክፍል ተቀምጠን ወፍራሙን ክር ሁለት ጊዜ መታ፤ ዝም አለ፤ ደግሞ መታ።

«አባቴ ወደ ትምህርት ቤት ሲያሻግሩኝ እንዲህ ነበር የሚቀዝፉት» አለኝ። «ግራ፣ ቀኝ፤ ዝም ያልሁበት ታንኳዋ በራሷ ስትንሸራተት ነው። አደራ ጋሼ፣ ማኅሌት ነው እንዳይሉብኝ። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ዜማ መጠጥ ቤት ገባ ከተባሉ ዓይኔን አያዩም። ታንኳ ቢገባ ግን ግድ የላቸውም» ብሎ ሳቀ።

እሺ አልሁት። ቢሮ ገብቼ «የደሴቷ ማኅሌት በቤዝ ጊታር» ብዬ ጻፍሁ። አለቃዬ አዘዘኝ? አላዘዘኝም። ተሳሳትሁ? አልተሳሳትሁም። ቀዘፋ ከምል ማኅሌት ብል ጆሮ ይይዛል ብዬ እኔ ጻፍሁት፤ እኔው አነበብሁት።

ደሴቷ ላይም ራዲዮ ይሰማል። በሳምንቱ ሙሉቀን አልበሙን ለአባቱ ሊያሰማ ሲሻገር፣ መሪጌታ ታንኳ መውረጃው ድረስ መጥተው ጠበቁት። ያሻገረው ባለታንኳ እንደነገረኝ፣ ያሉት ይህን ብቻ ነው፦

«ያስተማርሁህን ዜማ የት ጣልኸው? ተመለስ።»

እግሩ መሬት ሳይረግጥ ተመለሰ።

ማግስቱን እኔ ዘንድ መጣ። አልተቆጣም። «ማስተባበያ ያንብቡልኝ ጋሼ። አባቴ ያንኑ ድምፅ ካልሰሙ አያምኑኝም» አለኝ። እኔ ደግሞ በሥራ ዘመኔ ማስተባበያ አንብቤ አላውቅም ነበር፤ በዚህ እኮራለሁ። የልጅን አባት ከስሜ አሳነስሁ።

«አታራግበው፤ ይረሳል» አልሁት።

ማን ነበር የሚረሳው? ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ብቻዬን የሐይቁን ዳር ይዤ እሄዳለሁ። ታንኳ ባለፈ ቁጥር ቆሜ እሰማለሁ፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ዝምታ። የሚያናግረኝ የለም፤ ቢኖርም ምን እለዋለሁ?

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት እሳቸው ነበሩ።

መሪጌታ በፍልሰታ ጾም አረፉ። አልበሙን እንዳልሰሙት ከልጃቸውም ከባለታንኳውም አረጋግጫለሁ።