የውሃ ቆጣሪ አንባቢው አባቴን እንዴት እንደወሰደብኝ

ይህን ሰው አልወደውም። ስለ እሱ የሚጻፍ ከሆነ ግን ከእኔ የተሻለ ጸሐፊ አይገኝም። የሚወዱት ሁሉ አንድ ቀን እንኳ ልብ ብለው አላዩትም፤ እኔ ግን ከቀናሁበት ቀን ጀምሮ ዓይኔን ከላዩ ላይ አንሥቼ አላውቅም።

ሥራው የውሃ ቆጣሪ ማንበብ ነው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በየግቢው እየገባ፣ የብረት ክዳን እያነሣ፣ ጉድጓድ ውስጥ አንገቱን እየሰደደ ቁጥር ሲለቅም ኖሯል። ሠፈሩ ስሙን ረስቶ «አንባቢው» ይለዋል። ቀጭን ነው። ግራ እግሩን ትንሽ ይጎትታል፤ አንድ ግቢ ውስጥ ከውሻ ሲሸሽ አጥር ላይ ወጥቶ ከወደቀ ወዲህ ነው። ያሳደገችው አክስቱ ናት። እሷ ከሞተች በኋላ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ብቻውን ይኖራል። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ከእኔ በቀር ጠላትም ያለው አይመስለኝም።

አንድ ልማድ አለው። የቆጣሪው ጉድጓድ ጨለማ ስለሆነ በአንድ እጁ ባትሪ፣ በሌላው ክዳኑን ይይዛል፤ መጻፊያ ሦስተኛ እጅ የለውም። ስለዚህ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ሁለት ጊዜ ይጠራና እንዳይረሳው ቀና ብሎ ቶሎ ይጽፈዋል። «ዜሮ፣ አራት፣ ሰባት፣ ሰባት፣ ሁለት» ይላል ከጉድጓዱ ውስጥ፤ ደግሞ ይደግመዋል። አሥራ አራት ዓመት እንዲህ ሲል ኖሮ ያየውን ሁሉ መጥራት አመል ሆነበት። መንገድ ሲሄድም «ቀይ መኪና፣ የተከፈተ በር፣ እርጥብ ደረጃ» እያለ ነው። የማያውቀው ሰው ያመመው ይመስለዋል። እኔም ቢያመው ደስ ባለኝ ነበር።

እኔ ጌም ቤት አለኝ። ስድስት ስክሪን፣ አሥራ ሁለት ጆይስቲክ፣ ስፖንጃቸው የወጣ ወንበሮች፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ወረቀቶቼ። ወረቀቶቹ የቤቱ ሕግ ናቸው። አዲስ ጌም በገባ ቁጥር ሳምንት ሙሉ እጫወተዋለሁ። ከዚያ አንድ ወረቀት ለሁለት እከፍልና በአንዱ በኩል «ጥንካሬ»፣ በሌላው «ድክመት» ብዬ ያገኘሁትን እጽፋለሁ። የተስማማ ደንበኛ ከሥሩ ይፈርማል፤ ያልተስማማ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ይከራከረኛል። ስድስት ዓመት ሙሉ በዚህ ክርክር የረታኝ ሰው አልነበረም።

አባቴ ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው። ቤታችን ከጌም ቤቱ ጀርባ ነው፣ ግቢው አንድ። የጦር ሠራዊት ከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ አሁን ጡረታ ወጥቷል። እናቴ ከሞተች ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነን፤ ሁለት ወንድ ብቻውን የሚኖርበት ቤት ደግሞ ወሬ አያውቅም። «በላህ?» እለዋለሁ፤ «በላሁ» ይለኛል። ጌም ቤቱን «የሥራ ፈት መናኸሪያ» ነው የሚለው። አምና አንዱን ወረቀቴን ከግድግዳው ነቅዬ እስቲ አንብበው ብዬ ብሰጠው አገላብጦ ያዘውና «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብሎ መለሰልኝ። ሳቅሁ፤ አንጀቴ ግን ቆስሎ ነበር። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ ሰው አንድ ቀን የእጄን ሥራ አይቶ «ይሄ ጥሩ ነው» እንዲለኝ።

አንባቢው ግቢያችን የገባው የእኛን መንገድ ትይዝ የነበረችው አንባቢ ወደ ሌላ ሠፈር ስትዛወር ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ቁጥሩን ሲጠራ አባቴ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቅ ነበርና ማን እንደሆነ ጠየቀው። ለአምስት ደቂቃ ሥራ የገባ ሰው አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጦ ወጣ። በመስኮት አየኋቸው፤ አባቴ ይስቅ ነበር። አባቴ ጥርስ እንዳለው ያወቅሁት ያን ቀን ነው ቢባል ውሸት አይደለም።

በሳምንቱ አዲስ የጦርነት ጌም ገባልኝ። አንተው ወታደር ትሆናለህ፤ ሁሉን የምታየው በራስህ ዓይን ነው፣ ከፊትህ የሚታይህ የያዝከው ጠመንጃ ብቻ። ከጓዶችህ ጋር ሆነህ ጭጋግ የዋጠውን ከተማ ታስለቅቃለህ። ደንበኞቼ «ጭጋጉ» አሉት፤ ወንበር ጠፋ። አንባቢውም አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከሥራ ሲወጣ ቦርሳውን እንዳነገተ መጣና ጆይስቲክ ያዘ። እንደ እሱ ያለ ሰነፍ ተጫዋች አይቼ አላውቅም። ቦምብ እግሩ ሥር ይጥላል፤ የገዛ ጓዱን ይመታል፤ ደረጃ እወጣለሁ ብሎ ከግድግዳ ጋር ይታገላል። አፉ ግን አያርፍም። «በር፣ በግራ። መስኮት፣ ሁለት። አንድ ሰው ጣራ ላይ ተኝቷል፣ አላየኝም። አየኝ። ሞትኩ» ይላል። ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። እኔ በሆዴ «አንተ ሰውዬ ቆጣሪህን ቁጠር» እላለሁ።

በሦስተኛው ቀን አባቴ በሩ ላይ ቆመ። በስድስት ዓመት ውስጥ ያንን ደፍ ረግጦ የማያውቅ ሰው፣ መቃኑን በእጁ ይዞ፣ «አንባቢው አለ?» አለ። ልጄ አለ ወይ አላለም። ፈጥኜ ወንበር ከባንኮኒዬ አጠገብ ዘረጋሁለት። አልተቀመጠበትም። አንባቢው ተነሥቶ ክንዱን ያዘውና ወስዶ ከጎኑ አስቀመጠው።

ከዚያ ወዲያ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን አባቴ ጃኬቱን ለብሶ ይመጣል። አንባቢው እየተጫወተ ያወራል፤ አባቴ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል፤ አንዳንዴ እጁን አንሥቶ ያስቆመዋል። አንድ ቀን በጌሙ ውስጥ አንድ ከባድ መኪና ዳገት ሲወጣ «ቆይ፣ በሁለተኛ ማርሽ ነው የሚወጣው፤ ስማው፣ እነዚህ ሰዎች ያውቃሉ» አለ። ዓይኔ ደም ለበሰ። በዚያ ጌም በቤቱ እኔን የሚያክል የለም፤ አንድ ዙር ሳልሞት እጨርሳለሁ። አባቴ በእኔ ስክሪን በኩል ሲያልፍ ዘወር ብሎም አያይም፤ እግሩ ሥር ቦምብ የሚጥለውን ሰው ግን «ጎበዝ» ይለዋል።

ጉዱን ፍለጋ ዳቦ ቤት ድረስ ሄድኩ። የሚጠጣ፣ የሚሰርቅ፣ ቢያንስ የሚዋሽ ሰው ይሆናል ብዬ ነበር። ዳቦ ጋጋሪዋ ስለ እሱ ስጠይቃት ሥራዋን አቁማ አመሰገነችው። አክስቱ አልጋ ላይ በዋለችባቸው ዓመታት በየቀኑ ከሥራ ሲመለስ አጠገቧ ተቀምጦ በየግቢው ያየውን ሁሉ አንድ ሳያስቀር ይነግራት ነበር አለችኝ። የመጣሁበት እንዳይታወቅብኝ ሁለት ዳቦ ገዝቼ፣ ተናድጄ ተመለስኩ።

ስለ ጭጋጉ ወረቀቴን ጻፍኩ። እንደዚያ ተጨንቄ ጽፌ አላውቅም። ጥንካሬው ብዬ፦ ጠመንጃው ክብደት አለው፣ ስትተኩስ እጅህ ላይ ይታወቅሃል፤ የወደቀ ጓድህን ጎትተህ ታነሣለህ፤ ብቻህን ሮጠህ ጀግና ልሁን ብትል ወዲያው ታልቃለህ፣ ስለዚህ መደጋገፍ ያስተምራል፤ የከተማው አሠራር ዓይን ይማርካል። ድክመቱ ብዬ፦ ታሪኩ በስድስት ሰዓት ያልቃል፤ ኮምፒውተሩ የሚነዳቸው ጠላቶች ደደቦች ናቸው፣ አንዱን ስትጥለው ጎኑ ያለው ዞር ብሎ አያይም፤ ሞተህ ስትነሣ አንዳንዴ የምትነሣው ጠላት አፍንጫ ሥር ነው፤ ጥግ ይዞ ለሚያደባ ሰው ያደላል። ወረቀቱን አባቴ ከሚቀመጥበት ትይዩ፣ በዓይኑ ልክ ለጠፍኩት።

በማግሥቱ ከጎኑ ሌላ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። ጽሕፈቱ የአንባቢው ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል በቆጣሪ ደብተር ሳጥን ውስጥ የገባ ይመስላል። ቃሉ ግን የአባቴ ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፤ ይኸው የእኔ አጥር ተነቀነቀ። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦

ጥንካሬ፦ ቦት ጫማ ጠጠር ላይና ጭቃ ላይ ድምፁ ይለያያል። መኪናው ማርሽ ሲቀይር ይታወቃል። ጓድህ ሲርቅ ድምፁም አብሮት ይርቃል። ከተኩስ በፊት ያለው ዝምታ ልክ ነው።

ድክመት፦ ዝናቡ ቆርቆሮ ላይም አፈር ላይም አንድ ነው። መኪናው ጠዋት አልነሣም ብሎ አያውቅም። ሬዲዮው ከልክ በላይ ጥርት ያለ ነው፤ እኛ ግማሹን ሰምተን ግማሹን ገምተን ነበር የምንሄደው። የወደቀው ሰው ማንንም በስሙ አይጠራም።

ደንበኞቼ ተራ ይዘው አነበቡት። ሬዲዮው ላይ ሲደርሱ ይስቃሉ፤ መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ሳቃቸውን ትተው እስክሪብቶ ይፈልጋሉ። እኔ ቤቱን ስዘጋ ከሥሩ አሥራ ዘጠኝ ፊርማ ቆጠርኩ። ከእኔው ሥር አራት ነበር፤ አንዱ የራሴ ነው። ስህተት ላገኝበት ብዬ ያንን ወረቀት ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ከተማው መልክ፣ ስለ ጭጋጉ፣ ስለ ቀለሙ አንዲት ቃል እንደሌለበትም አየሁ። «ጌሙን በደንብ አላዩትም» ብዬ ለመተቸት በልቤ ያዝኩት እንጂ ሌላ ነገር አልጠረጠርኩም።

ከዚያ የሠራሁትን ልናገር። በቀይ ቀለም ማስታወቂያ ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍኩ፦ «በጨዋታ ሰዓት ማውራት ክልክል ነው። ሁሉም ተጫዋች የጆሮ ማዳመጫ ያድርግ።» ለሁሉም ደንበኛ ያወጣሁት ሕግ ነው እያልኩ ራሴን አሞኘሁ። አንባቢው ማስታወቂያውን እንደ ልማዱ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረና መጨረሻው ላይ ድምፁን ዋጠው። አልተከራከረኝም። ማዳመጫውን አድርጎ ዝም ብሎ ተጫወተ። አባቴ አጠገቡ ሩብ ሰዓት ያህል ተቀመጠና «ልሂድ» ብሎ ወጣ። በሳምንቱ ሁለቱም ቀሩ።

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። አባቴ ግን ደጃፉ ላይ ፀሐዩ ካለፈ በኋላም ብቻውን ይቀመጥ ጀመር። «በላህ?» ስለው «በላሁ» ይለኛል፤ ሳህኑ ግን እንደተሞላ ነው። እሑድ ጠዋት ለደንበኛ ሳልከፍት ጠራሁት። ዛሬ እኔ ልጫወትልህ፣ ዋናውን አጨዋወት ታያለህ አልኩት። እንቢ አላለም። ትልቁን ስክሪን አበራሁ፣ ማዳመጫዬን አደረግሁ፣ ገባሁበት። እንደዚያ ጠዋት ተጫውቼ አላውቅም። ድልድዩን ጭረት ሳይነካኝ ተሻገርኩ፤ የወደቁ ሁለት ጓዶቼን አነሣሁ፤ ከተማውን ብቻዬን አስለቀቅሁ ማለት ይቻላል። አባቴ ትከሻዬን ሲነካኝ ማዳመጫውን አወረድኩ።

«አሁን ምን ሆነ?» አለኝ።

«አታይም እንዴ፣ አባዬ?»

«አላይም» አለ።

ውሃ ጠፍቷል እንደሚል ሰው፣ እንደ ቀላል ነገር ነው ያለው። ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው፤ ብርሃንና ጥላ ይለያል እንጂ ፊትም ፊደልም አይለይም። ከአልጋው እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ደጃፉ በልማድ ነበር የሚሄደው። ሌላ የሚያውቅ ሰው አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። አንባቢው ያውቃል አለኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት ይህን ነው፤ አንድ ግቢ እየኖርን የመጨረሻው ሰሚ እኔ ሆንኩ።

ማዘን እንደነበረብኝ አውቃለሁ። ቀድሞ የመጣብኝ ግን ያው ቅናቴ ነው።

«ለእሱ ስትነግር ለእኔ ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«እሱ ጠየቀኝ» አለ።

ቁጣ የለበትም፤ ሲያስረዳኝ ነው። አንባቢው ቆጣሪ ሊያነብ በመጣ በመጀመሪያው ቀን አባቴ ደረጃውን በእግሩ ሲዳብስ አይቶ «አባባ፣ ዓይንዎን ነው?» ብሎ ጠየቀው፤ አባቴም አዎ አለው። በዚህ አለቀ። አንተ በላህ ወይ ትለኛለህ፣ እኔም የጠየቅከኝን እመልስልሃለሁ አለኝ። ቀጥሎም ሐሙስ ጠዋት የዓይን ሐኪም ቀጠሮ እንዳለው ነገረኝ። ቀጠሮውን ያስያዘለት አንባቢው ነው፤ የሚወስደውም እሱ። እኔ እወስድሃለሁ አልኩት።

«ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ወስዷል፤ ቃል ሰጥቼዋለሁ» አለኝ። «አንተም ከፈለግህ ና።»

ሐሙስ ጌም ቤቱን ዘግቼ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ አንባቢው ክንዱን ይዞ «ደረጃ፣ ሦስት። ውሃ ተኝቷል፣ በቀኝ እንለፍ» እያለ ይመራዋል፤ እኔ የአባቴን ጃኬት ይዤ ከኋላ እከተላለሁ። ሐኪም ቤት ስንደርስ ዓይኑ ላይ ጠብታ ሊያደርጉለት አባቴን ወደ ውስጥ አስገቡት፤ ሁለታችን ኮሪደሩ ላይ ቀረን። ጥቂት ቆይቶ ነርሷ ካርዱን ይዛ ወጣችና የታማሚው ቤተሰብ ማን እንደሆነ ጠየቀች። አንባቢው አፉን ሳይከፍት ተነሣሁ።

«እኔ ነኝ። ልጁ ነኝ» አልኩ።

ጥሩ አለችና እስክሪብቶዋን አዘጋጀች። ከሁለቱ ዓይኖቹ ቀድሞ የደከመው የትኛው እንደሆነ ጠየቀችኝ። አላውቅም። ራሱን ያመው እንደሆነ ጠየቀችኝ። አላውቅም። የሚወስደው መድኃኒት አለ ወይ አለች። ይህንንም አላውቅም። አንባቢው አግዳሚው ላይ እንደተቀመጠ፣ እኔን ላለማየት መሬት መሬት እያየ፣ በዝግታ መለሰላት።

«ግራው ነው የቀደመው። ራሳቸውን ያማቸዋል፣ ጠዋት ጠዋት። የደም ግፊት መድኃኒት አለ፣ አንድ ፍሬ፣ ከቁርስ በኋላ። ባለፈው ክረምት ግቢ ውስጥ ወድቀው ጉልበታቸውን ተመትተዋል፤ ሕመሙ እስካሁን አልተዋቸውም።»

መውደቁን አልሰማሁም ነበር። ነርሷ ሁሉንም ጻፈች። የሚቀጥለውን ጥያቄ ስትጠይቅ ወደ እኔ አልዞረችም።